ፓምፑ ከተሸጠ በኋላ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች፤

ለኢንተርንሺፕ ልትወጡ ጥቂት ጊዜ ስለቀራችሁ፣ ዲፓርትመንታችን እኔ በአንድ ጀማሪ የፀሐይ ኃይል ድርጅት ውስጥ ያሳለፍኩትን እንድነግራችሁ ጠይቆኛል። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ከምናገረው ውስጥ ቅሬታ ያለበት አለ፤ ያስተማሩኝን ሰዎች ደግሞ በሌሉበት መድረክ ላይ ማማት ደግ አይደለም። ሥራው ግን ይህ ነው፦ በፀሐይ ብርሃን የሚሠሩ የውኃ ፓምፖችን ከውጭ ያስመጣና በመስኖ ለሚያለሙ ገበሬዎች በዱቤ ይሸጣል። ዋና ቢሮው አዲስ አበባ ነው። ደንበኞቹ አብዛኞቹ ከመቂ እስከ ዝዋይ ባለው መስመር፣ በሐይቁ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ ናቸው።

ልላችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ ቀድሜ ልናገረውና ምክንያቱን ላስከትል። እንዲህ ያለ ድርጅት የሚቆመውም የሚወድቀውም ፓምፑ ከተሸጠ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ዕድል ደርሷችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ከገባችሁ፣ ንድፍ ክፍል አስቀምጡኝ አትበሉ፤ ጥገና ክፍል መድቡኝ በሉ።

አስቀድሜ ግን ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሚጠይቀኝን ጥያቄ ልመልስ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘን የፀሐይ ፓኔል ምን ያደርግልናል ይሉኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ኃይል ማመንጨት ሌላ፣ ያንን ኃይል ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ሩብ ሄክታር ሽንኩርት መካከል እስካለ ጉድጓድ ድረስ ማድረስ ሌላ ነው። መካከሉ ላይ ምሰሶ አለ፣ ሽቦ አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፤ ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል ደግሞ የሚለውጠው ሰው መኖር አለበት። መንግሥት ራሱ በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ዕቅድ፣ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ዜጋ መብራት ሲያስብ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ ባሉ መንገዶች፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል አደርሳለሁ ብሎ ነበር። ዕቅዱ በተባለለት ጊዜ አልተሳካም። ክፍፍሉን ግን ልብ በሉት፤ የግድቡን ሥራ የሚያውቁት ሰዎች ራሳቸው ሽቦ የማይደርስበት ቦታ እንዳለ አስቀድመው ጽፈዋል።

ደግሞም የድርጅቱ ተፎካካሪ ዋናው መስመር አይደለም። ተፎካካሪው ቤንዚን ወይም ናፍጣ የሚጠጣው ሞተር ነው። ገበሬው ሞተሩን ያውቀዋል፤ ሲበላሽ የሚጠግንለት ልጅ በየከተማው አለ፤ መለዋወጫውም በየሱቁ ይገኛል። ችግሩ ነዳጁ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ፣ በጀሪካን ተገዝቶ እርሻ ድረስ የሚሄደው ቤንዚን ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። የፀሐይ ፓምፑ ገበያ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ገበሬው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ተጨንቆ አይደለም። በድርጅቱ ብሮሹር ላይ ስለ ካርቦን የተጻፈው አንቀጽ ለአበዳሪዎች እንጂ ለደንበኛ የተጻፈ አልነበረም፤ ይህን ስል ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢሰማኝ የሚስቅ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የተሰጠኝ የፓምፕና የፓኔል ልክ የማውጣት ሥራ ነበር፤ ክፍል ውስጥ የተማርነው ፎርሙላ ሳይቀነስ ሳይጨመር የሚሠራበት ቦታ ስለሆነ አብረን እናስላው። ሽንኩርት በደረቁ ወቅት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውኃ ይፈልጋል እንበል። አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ነው፤ ስለዚህ ሄክታሩ በቀን 50 ሜትር ኩብ፣ ሩብ ሄክታሩ 12.5 ሜትር ኩብ ይጠጣል። ጉድጓዱ ውኃውን 8 ሜትር ከፍ ማድረግን ይጠይቃል ብንል፣ የውኃውን ኪሎ በስበትና በከፍታው አባዝተን የምናገኘው ኃይል ከ0.3 ኪሎ ዋት ሰዓት አይበልጥም። ፓምፑ፣ ሞተሩና ቱቦው ተደምረው ከሚሰጣቸው ኃይል 40 በመቶውን ብቻ ወደ ውኃ ቢለውጡት እንኳ 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃል። በቀን አምስት ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝ አገር አንዲት መለስተኛ ፓኔል ትችለዋለች ማለት ነው። ስሌቱን ጨርሼ ሳስረክብ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

የድርጅቱ የግብርና ባለሙያ ወረቀቱን አየችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ ውኃው ከጉድጓዱ አፍ እስከ ሽንኩርቱ ሥር በምን ይሄዳል? በቦይ ነው የሚሄደው። የአፈር ቦይ ደግሞ ከሚፈስበት ውኃ ግማሽ ያህሉን ራሱ ይጠጣል። ስለዚህ የሚቀዳው 12.5 ሳይሆን 25 ሜትር ኩብ ነው፤ ፓኔሉም እጥፍ መሆን አለበት። በዚያ ላይ ፓኔሉ ጀርባ ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው በ25 ዲግሪ ነው። በስምጥ ሸለቆ ቀትር ላይ ፓኔሉ ራሱ 55 ዲግሪ ቢደርስ፣ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ እየቀነሰ አሥራ ሁለት በመቶ ያህሉን ያጣል፤ አቧራው ሳይቆጠር ማለት ነው። ባለሙያዋ እንዳለችኝ፣ ገበሬው ሁለተኛ ፓኔል በዱቤ ከሚገዛ ውኃውን እስከ ማሳው መካከል የሚያደርስ የፕላስቲክ ቱቦ ቢገዛ በብዙ ይረክስለታል። ድርጅቱ ግን ቱቦ አይሸጥም ነበር። ቱቦ የሚሸጠው ፓኔል አይሸጥም። ይህን ዓይነቱን ነገር ደግሞ በየትኛውም ኮርሳችን ውስጥ አላየሁትም።

ከቢሮው ወደ መቂ የተላክሁት አንድ ቴክኒሻን ረዳት ስላጣ ነው። መርጬው አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ቢሮው መልሱኝ አላልኩም።

የጥገና ክፍሏ ከመጋዘኑ በኮምፖርሳቶ የተከፈለች ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላይ የኤሌክትሪክ መለኪያው መልቲሜትር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጥቁር ናስትሮ፤ መሬቱ ላይ የባለቤቱ ስምና የቀበሌው ስም በወረቀት የተለጠፈባቸው ፓምፖች። ቴክኒሻኑ የቴክኒክና ሙያ ተመራቂ ነው፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም አፉን የፈታበት ነው። እኔ የጥቁር ሰሌዳውን ፎርሙላ ብቻ ይዤ ነው የሄድኩት፤ እሱ ግን ፓምፑን ጆሮው አጠገብ አድርጎ በእጁ ሲያሽከረክረው የቱ ጋ እንደተበላሸ ያውቃል።

ከተመለሱት ፓምፖች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ሞት ነበር የሞቱት፦ ያለ ውኃ ተሽከርክረው ተቃጥለዋል። ይህ እንዳይሆን የሚጠብቅ ዕቃ ደግሞ አብሯቸው ተሽጧል። ከፓምፑ ከፍ ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ የሚንጠለጠል፣ ሁለት የብረት ጫፎች ያሉት፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሴንሰር ነው። ጫፎቹ ውኃ ውስጥ እስካሉ ድረስ በመካከላቸው ጥቂት ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ውኃው ሲወርድ ይቋረጥና ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ፓምፑን የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ ቀይ መብራት አብርቶ ፓምፑን ያቆማል። ታዲያ ይህ ጠባቂ እያለ ፓምፑ እንዴት ተቃጠለ?

ቴክኒሻኑ አንዱን ሴንሰር አንስቶ አሳየኝ። ብረቶቹ አይታዩም፤ ነጭ ቅርፊት ለብሰዋል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ማዕድን ይበዛበታል፤ በሻይ ማፍያችን ውስጥ የምናየው ያ ነጭ ነገር እዚያ ብረቶቹ ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ጉድጓዱ ሞልቶ ሳለ ኮንትሮለሩ ውኃ የለም ብሎ ያምናል፤ ቀይ መብራቱ ይበራል፣ ፓምፑ ይቆማል። ጊዜው የካቲት ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሽንኩርቱ ሁለት ሦስት ቀን ውኃ ካላገኘ ይጠወልጋል። ገበሬው ለድርጅቱ ይደውላል፤ እንመጣለን ይባላል፤ ማንም አይመጣም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የሴንሰሩን ሁለት ሽቦዎች ይቆርጥና እርስ በርስ ገምዶ በናስትሮ ይጠቀልላቸዋል። ኮንትሮለሩ አሁን ሁልጊዜ ውኃ አለ ብሎ ያምናል። ፓምፑም ይሠራል፤ ሽንኩርቱም ይድናል። ሚያዝያ ላይ ጉድጓዱ በእውነት ሲጎድል ግን የሚያቆመው የለም። ጎማው ይቀልጣል፣ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል። ድርጅቱ ፓምፑን ከፍቶ የተገመደውን ሽቦ ሲያይ ቅጹ ላይ «በደንበኛው ጥፋት» ብሎ ይጽፋል፤ ዋስትናውም በዚያው ይቀራል።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ፓምፓቸው ሳይቃጠል ሴንሰሩን ነቅለው ይዘው መጡ። ቴክኒሻኑ በፕላስቲክ ኩባያ ኮምጣጤ ቀዳና ሴንሰሩን ነከረው። ቅርፊቱ አረፋ ይሰጥ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ አወጣው፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገው፤ ብረቱ ወጣ። መልቲሜትሩን አገናኘና ባልዲ ውስጥ ሲያስገባው ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። አዛውንቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ፤ ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁት። «ይኸው ብቻ ነበር?» ነው ያሉት። የጎረቤታቸው ፓምፕ ባለፈው ዓመት በዚሁ ምክንያት ነዷል።

የድርጅቱ መመሪያ በእንግሊዝኛ የታተመ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ስለ ነጭ ቅርፊት በእንግሊዝኛም አንድ መስመር የለውም፤ አምራቹ ያንን ውኃ አያውቀውማ። ሴንሰሩን በየስንት ጊዜው አውጥቶ እንዴት ማጠብ እንደሚቻል በሥዕል የሚያሳይ አንድ ገጽ በኦሮምኛና በአማርኛ አዘጋጀን። ጽሑፉ የቴክኒሻኑ ነው፤ ሥዕሉንና ኅትመቱን እኔ ሠራሁ። ከልምምዴ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይህች ገጽ ናት፤ አድቫይዘሬ ግን በሪፖርቴ ውስጥ በአባሪ እንኳ እንዳላስገባት መክረውኝ ነበር፤ የምህንድስና ይዘት የላትም ብለው። አስገባኋት።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ለገበሬዎቹ አዲስ ሴንሰር ለምን አልተሰጣቸውም? ዋጋው ከፓምፑ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መልሱን ለማግኘት ወደ ሒሳብ ክፍሉ መሄድ ነበረብኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ። አስቡት፤ ድርጅቱ ፓምፑን ያስመጣው በዶላር ነው፣ ደንበኛው ግን የሚከፍለው ከዓመት በፊት በብር በተፈረመ ውል ነው። ደንበኛው ሳያጎድል ቢከፍል እንኳ የሚሰበሰበው ገንዘብ የተሸጠውን ፓምፕ አይተካም። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ከትእዛዙ ዝርዝር ቀድሞ የሚሰረዘው ምንድን ነው? ፓምፕ ገቢ ያመጣል፤ ለሻጩም ኮሚሽን አለው። ሴንሰር ምንም አያመጣም። መለዋወጫው ለሚቀጥለው ጭነት ይቆይ ተባለ፤ ቆየ።

በቢሮ ውስጥ የተደረገች አንዲት መስመር ስረዛ፣ መቂ ላይ ሞተር ሆና እንደምትነድ ማንም ሆን ብሎ አላሰበም። ነገር ግን የነደደ ፓምፕ ያለው ገበሬ ዱቤውን አይከፍልም፤ ለምን ይከፍላል? ጎረቤቱም አይገዛም። ሰሜን ሸዋ ሬማ ውስጥ በጀርመኑ የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የፀሐይ መብራት ለመንደሩ ሲገባ፣ የቴክኒሻኖች ማሠልጠኛም አብሮ መቋቋሙን አውቅ ነበር፤ እንደ ጥሩ ማስታወቂያ እንጂ እንደ ዋና ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። አሁን ሌላው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ይመስለኛል።

ስለ ክፍያው ካነሳሁ አይቀር ስለ ዱቤ ሰብሳቢዋ ልንገራችሁ፤ ድርጅቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተማርኩት ከእሷ ነው። ሥራዋ ስልክ መደወል ነው። ደንበኛው ወርኃዊ ክፍያውን በቴሌብር ሲልክ የቁጥር ኮድ በስልኩ ይደርሰዋል፤ ያንን ኮንትሮለሩ ላይ ሲያስገባ ፓምፑ ለአንድ ወር ይከፈታል። ካልከፈለ ይቆለፋል። ሐሳቡ ከኬንያ የመጣ ነው፤ እዚያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዉ በኤምፔሳ መክፈል ስለለመደ፣ ለመብራት የሚሆኑ ትንንሽ ፓኔሎችን በየቀኑ ሳንቲም እየከፈለ መግዛት ቀለለው። መብራት በየምሽቱ ነው፤ ለኩራዝ ጋዝ ይገዛበት የነበረውን ሳንቲም ወደዚያ ያዞረዋል። ሽንኩርት ግን እንደዚያ አይደለም። ከችግኙ ተከላ እስከ አዝመራው ሦስት አራት ወር አለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ገንዘብ ይወጣል እንጂ አይገባም፤ ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለኬሚካል፣ ለጉልበት ሠራተኛ። እና በሁለተኛው ወር ላይ ፓምፑን መቆለፍ ማለት ዕዳው የሚከፈልበትን ሰብል ራሱን ማድረቅ ማለት ነው።

እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር የክፍያ መዝገቡን ከእርሻው የጊዜ ሰሌዳ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ነው። ኅዳር ላይ የተከሉት በታኅሣሥና በጥር ይዘገያሉ፣ ሽንኩርቱ ሲሸጥ ያለባቸውን ጠቅልለው ይከፍላሉ። አዲስ ግኝት አልነበረም። ሰብሳቢዋ ይህን ሁሉ ከዓመት በፊት ታውቀዋለች፤ በስብሰባ ላይ ስትናገረው ግን ልበ ለስላሳ ነሽ ይሏት ነበር። ሠንጠረዥ ሲሆን ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ይህ ሲያናድደኝ ይኖራል።

ድርጅቱም ቢሆን የሚለው አለው። እሱ ራሱ የባንክ ብድር አለበት፤ ባንኩ ደግሞ ሽንኩርት እስኪደርስ አይጠብቅም። ክፍያው ሁሉ ወደ አዝመራ ቢዛወርና የሽንኩርት ዋጋ በዚያ ወር ቢወድቅ፣ ሁሉም ደንበኛ በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ ዋጋው ደግሞ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲያወጣ እንደሚወድቅ መቂ ላይ ያልሰማ የለም። በመጨረሻ የተስማሙበት ነገር ለአዳዲስ ደንበኞች ብቻ፣ መጀመሪያ ላይ ከፍ ያለ ቅድመ ክፍያ ወስዶ፣ በእርሻው ወራት አነስተኛ፣ በአዝመራው ወራት ጠቀም ያለ ክፍያ መሞከር ነው። ውጤቱን ሳላይ ጊዜዬ አለቀ።

ጥቂት ስለ ራሳችን ጉዳይ። የኪስ ገንዘብ አልነበረም፤ የመስክ ቀን ትራንስፖርትና ምሳ ብቻ ይሸፍናሉ። አዲስ አበባ ቤተሰብ ለሌለው ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጀማሪ ድርጅቶች ተለማማጅን እንደ ነፃ ሠራተኛ ማየታቸው መቆም ያለበት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ከመግባታችሁ በፊት ሳታፍሩ ጠይቁ። በሌላ በኩል፣ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ በቡድን የተመደቡ ጓደኞቼ ወንበር አሙቀው፣ መጨረሻ ላይ ማኅተም አስመትተው ነው የወጡት። እኔ ጋ መቀመጫም አልነበረም፣ መቀመጫ ጊዜም አልነበረም።

የየዕለቱን ሥራ የምንመዘግብበትን ሎግ ቡክ በተመለከተ፣ ብዙዎቻችን በመጨረሻው ሳምንት ነው ቁጭ ብለን የምንሞላው፤ መምህራኖቻችንም ያውቁታል። የጥገና ክፍል ከገባችሁ ግን በየቀኑ ጻፉ፦ የመጣው ዕቃ ምንድን ነው፣ የት ቀበሌ ነበር፣ ምን ሆኖ መጣ፣ በምን ዳነ። የእኔ ሠንጠረዥም የሴንሰሯም ገጽ የወጡት ከዚያ ደብተር ነው፤ ቴክኒሻኑም ቅጂውን ለራሱ አስቀርቷል።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ብዬ ልጨርስ። የመስኖው ሥራ ከጥቅምት ኅዳር ይጀምራል፤ ብልሽቱ የሚበዛው ጉድጓድ በሚጎድልበት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። የእኛ የልምምድ ወራት ደግሞ እዚያው ላይ ይወድቃሉ፤ ዕድለኞች ናችሁ። የትብብር ደብዳቤውን ግን የካቲት ላይ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ዘግይታችኋል፤ ያን ጊዜ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የሚቀበል ሰው አታገኙም፤ ሁሉም መስክ ነው። ታኅሣሥ ላይ አውጡት። ስትሰጡ ደግሞ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ብቻ አትነጋገሩ፤ ስልክ የምትደውለዋን ሴት ፈልጉና ዘንድሮ ደንበኞች በብዛት የሚያማርሩት የትኛውን ዕቃ እንደሆነ ጠይቋት። ጥያቄ ካላችሁ አሁን እቀበላለሁ፤ የፓምፑን ስሌት በጽሑፍ የሚፈልግም ካለ አባዝቼ ይዤ መጥቻለሁ።